የጃለታ ማይክና የላጢፋ ሙክት

ባሌ ጃለታ ሁለት ስም አለው። ሰፈር ውስጥ፣ እድር ላይ፣ መታወቂያው ላይ ጃለታ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ካለፈ ግን ማንም ጃለታ ብሎ አይጠራውም፤ የክርስትና ስሙ ወልደገብርኤል ነው፣ በአጥቢያችን በገብርኤል ደግሞ በዚህ ስም የማያውቀው የለም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ከገባንበት ጣጣ ግማሹ በዚሁ የተነሳ ስለሆነ ነው።

እኔ ወርቅውሃ እባላለሁ፤ ሚስቱ ነኝ። ወሬ አልወድም። ማለቴ የሰው ወሬ አልወድም፤ የራሴን ቤት ወሬ ግን ሌላው አጣሞ ከሚያወራው እኔው ቀጥ አድርጌ ባወራው ይሻላል ብዬ ነው።

ጃለታ እዚሁ አቃቂ ተወልዶ፣ እዚሁ አድጎ፣ እዚሁ የሸበተ ሰው ነው። አባቱ ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ዛሬ የብረት መጋዘን ቆሟል። በዚያ በኩል በታክሲ ባለፍን ቁጥር «እዚህ ጋ እኮ በሬ ጠፍቶብኝ ተገርፌያለሁ» ይለኛል። እኔም በሰማሁት ቁጥር «እንዴ! የምርህን ነው?» እለዋለሁ። ትዳር ሲቆይ እንዲህ ነው።

ዕድሜውን የጨረሰው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ነው። እዚያ ማሽኑ ከተነሳ አጠገብህ የቆመ ሰው ቢጮህ አትሰማውም። ስለዚህ አለቃው መጥቶ አፉን ጆሮህ ላይ ለጥፎ ይነግርሃል። ጃለታ ደግሞ የሰማውን ተቀብሎ ለአዳራሹ ሁሉ ይለቀዋል። የተቀጠረው ለዚህ አልነበረም፤ ድምፅ ስላለው ግን ይኼም ሥራው ሆነ። ጡረታ ሲወጣ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙት፤ ድምፁን ግን አልተረከቡትም፣ ይዞት ቤት መጣ። «ጨው አቀብዪኝ» ሲለኝ ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል እያልኩ እቀልድበታለሁ። ይቆጣል፤ ደግሞ ሲቆጣ ይብሳል።

እንግዲህ ይህንን ድምፅ ደብሩ አየና ማይክ ሰጠው። ማይክ ለጃለታ! ለዝናብ ውሃ ማጠጣት በሉት።

ሥራው እንዲህ ነው። በገብርኤል ንግሥ ዕለት ስለቱ የደረሰለት ሰው ሁሉ ጥላውን፣ ምንጣፉን፣ ሻማውን ይዞ ይሰለፋል። ተራው ሲደርስ ማን እንደሆነ፣ ምን ተስሎ ምን እንዳገኘ ለጃለታ በጆሮው ይነግረዋል። ጃለታም እየተቀበለ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ በማይክ ለሕዝቡ ያሰማል፤ ሕዝቡም እልል ይላል። ሌላ ቦታ አስተዋዋቂው ያሳምራል፣ ያሳጥራል፣ ስብከት ይጨምርበታል። ጃለታ እንደዚያ አይነካካውም። ሰውየው «እኔ» ካለ እሱም «እኔ» ብሎ ነው የሚናገረው። «እኔ ቱቦ ነኝ» ይላል። «ቱቦ ውሃ ያሳልፋል እንጂ ውሃ አይጨምርም።»

አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ «ከአማቴ ምላስ ያዳንከኝ ገብርኤል ሆይ!» ብላ በጆሮው ብትነግረው፣ አማትየዋ ፊት ለፊት ቆማ እያየችው እንዳለ ለቀቀው። ቤት ስንገባ «ምናለ እሷን ብትዘላት?» ብለው «የራሴ ስለት ነው እንዴ የምዘለው?» አለኝ።

አሁን ወደ ልጃችን ልምጣ። ሮሪሳ አንድ ልጃችን ነው። ጓደኞቼ ሁሉ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ እኔ ገና ባዶ እጄን ነበርኩ፤ ሰውም መጠየቁን ትቶ ነበር። ገብርኤል ነው የሰጠን፤ እኔ ራሴ በዚያው ግቢ፣ ልጄን አዝዬ፣ ጥላ አግብቼበታለሁ። ስለዚህ ልጁን አሞላቀቅነው ብትሉኝ አልጣላችሁም።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ወረዳ መሬት ቢሮ ተቀጠረ። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም፤ አልናገርም አልኩ። ከዚያ ማርቲ የምትባል ጨዋ ልጅ አገባና ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ገቡ። እኔማ ኩራቴን የምይዝበት ቦታ ጠፋኝ። እድር ላይ «ልጄ መሬት ቢሮ ነው» ስል ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየኝ ነበር። አክብሮት መስሎኝ!

የዚያን ዓመት የፋሲካ ዋዜማ ሮሪሳ ሙክት እየጎተተ ከች አለ። ሙክት ብቻ አትበሉት፤ ላቱ መሬት ሊነካ የደረሰ፣ በር የሚጠበው፣ ነጭ ሆኖ ግንባሩ ላይ ቡናማ ያለበት። «ከየት አመጣኸው?» አልኩት። «ቢሮ ቦነስ ሰጡን እማዬ፣ እናንተን ልጡራችሁ ብዬ ነው» አለኝ። አንጀቴ ራሰ። ጃለታም የልጁን ትከሻ እየደጋገመ መታ መታ አደረገው፤ እሱ ሲደሰት እንደዚያ ነው። በነጋታው ባርኮ አረደው። ያን ሁሉ ጾም ጾመን የፈሰክነው በዚያ ሙክት ነው። ቅቅሉ፣ ጥብሱ፣ ዱለቱ! ጎድኑን እኔ ነኝ ግጬ የጨረስኩት፤ በሰው አላመካኝም።

ቆዳውንም ጃለታ አልሸጠውም። ጨው ነስንሶ፣ ወጥሮ፣ አለስልሶ አጎዛ አደረገው። ጠዋት ጠዋት ለጸሎት የሚቀመጥበት እሱ ሆነ። «የልጄ ስጦታ ነው» እያለ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ያሳያል።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ፤ ዓመታዊው ንግሥ። ዝናቡ አልፈታ ብሎ ግቢው ጭቃ ሆኗል። እኔ እንደ ልማዴ ፊት ቦታ ይዣለሁ። እልልታ የማስጀምረው እኔ ነኝ፤ ባል ማይክ ከያዘ ሚስት እልል ትላለች፣ ማንም አልሾመኝም። ሰልፉ እየቀለለ ሲሄድ አንዲት ሂጃብ የለበሰች፣ ዕድሜዋ አርባ የሚሆን ሴትዮ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ የሚያምር ጥላ ይዛ ወደ ጃለታ ቀረበች። እኛ ሰፈር እስላሙ ለገብርኤል መሳሉ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከወሎ የመጡት ጎረቤቶቻችን ከእኛ በልጠው ይሳላሉ። በጆሮው ነገረችው፤ ጃለታም ጀመረ።

«ላጢፋ እባላለሁ! ከአቃቂ በሰቃ ነው የመጣሁት!»

እልልል!

«ባሌ ሙዓዊያ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር! አላህ ወሰደብኝ!» አላህ ስትል አላህ አለ፤ ቱቦ ነው። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ።

«ቤታችንን በስሜ ለማዞር መሬት ቢሮ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ!» እዚህ ጋ ሳቅ ተነሳ። ያልተመላለሰ ማን አለ?

«ፋይልሽ ጠፍቷል አሉኝ! ደግሞ ተገኘ አሉኝ! ደግሞ ጠፋ አሉኝ! ለገብርኤል ጥላ ተሳልኩ! ገብርኤልም ሰማኝ፣ የመሬት ቢሮውን ልጅ ልቡን አራራልኝ!»

እልልል!

«ለአረፋ ያደለብኩትን ሙክት ተቀበለኝና ፋይሌን በማግስቱ አገኘልኝ! አላህ ይስጠው! ስሙም ሮሪሳ ጃለታ ይባላል!»

ወይ ጉዴ! እኔ ሙክት የምትለዋን በቅጡ አልሰማኋትም፤ ስሙ ሲጠራ ደስታዬ ቀደመኝ። እልልልል! ብዬ አቀለጥኩት። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እልል የምለው እኔ ብቻ መሆኔን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ሌላው ሰው አንድ ጊዜ ወደ ጃለታ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ያያል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

ላጢፋ ምን ታድርግ? ማይክ የያዘውን ሰው በወልደገብርኤልነቱ ነው የምታውቀው። የሮሪሳ አባት ነው ብሎ የነገራት የለም። እጇ ላይ ጥላው እንዳለ «ምነው አባቴ፣ ያጠፋሁት ነገር አለ?» ስትለው ማይኩ ያዘውና ለሁላችንም ተሰማ።

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም ልጄ» አላት ጃለታ። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በዝናቡ ውስጥ ወደ ቤት ሄደ።

እንግዲህ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኛ አገር ጉቦን በስሙ የሚጠራው የለም። «ሻይ» እንለዋለን፣ «ማንቀሳቀሻ» እንለዋለን፣ «አንድ ነገር በለው» እንላለን። እኔ ራሴ ለመብራት ሠራተኛ ሻይ ብዬ ሰጥቼ በነጋታው ቅዳሴ ሄጃለሁ። ስናስቀድስ ስለ ሀገር እንጸልያለን፣ ለባለሥልጣኖቹ ልብ ስጣቸው እንላለን፤ ባለሥልጣን ማለት ሁልጊዜ የሌላ ሰው ልጅ ይመስለናል። የዚያን ዕለት ግን ነገሩ ያለ ቅጽል ስሙ፣ በማይክ፣ ከእነ አባቱ ስም ተጠራ።

ቤት ስደርስ ጃለታ አጎዛውን እየጠቀለለ ነበር። ጠቅልሎ በገመድ አስሮ በሩ ኋላ አቆመው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በባዶ ሲሚንቶ ላይ መንበርከክ ጀመረ፤ በዚያ በሐምሌ ብርድ፣ ያ ጉልበቱ! «ኧረ ካርቶን እንኳ ላንጥፍልህ» ብለው አይሰማኝም።

ሮሪሳ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ኖሮ ማምሻውን እየከነፈ መጣ። ሰላም እንኳ አላለን።

«አባዬ፣ አዋረድከኝ! ማይኩን ማጥፋት አትችልም ነበር?»

«አንድ ቃል አልጨመርኩብህም» አለው ጃለታ። ያ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ በቀስታ ነው ያለው።

«በግ እኮ ነው! አንድ በግ! ሌሎቹ ፎቅ ሲሠሩ ማን ምን አላቸው? እኔ ብቀር ሌላው ይቀበላታል!»

«የሌሎቹ አባት እኔ አይደለሁም። አንተ የዚያችን መበለት አረፋ በላህባት፤ እኔንም በእግዚአብሔር ስም አስባርከህ አበላኸኝ። ሙክቷን መልሰህ፣ ያደረግከውን በገዛ አፍህ እስክትናገር እዚህ ቤት እግርህ እንዳይረግጥ።»

ልጄ በሩን እንዳይሆን አድርጎ ዘግቶት ወጣ። ያ የፋብሪካ ሰዓት ከግድግዳው ወደቀ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ምን ብዬ ላውራላችሁ። ጃለታ ለደብሩ አስተዳዳሪ «ቤቴ እስኪጸዳ ማይክ አልይዝም» ብሎ አስታወቀ። በእሱ ቦታ ቃልቤሳ የሚባል የአጥቢያችንን ሰው አደረጉ። ቃልቤሳ ደግ ሰው ነው፣ ግን ሻማ ያመጣችን ሴት ከኖኅ መርከብ ጀምሮ ካላወራላት ማይኩን አይለቅም። ቤት ውስጥ ደግሞ ያ ጎረቤት የሚያስደነግጥ ሰውዬ ዝም አለ። ሮሪሳ የሚለው ስም ከአፉ ጠፋ፤ ሊያነሳው ግድ ከሆነ «ያ ልጅሽ» ነው የሚለኝ። አንድ ቀን ተናደድኩና «አንተ ደግሞ ልጅ ትወልዳለህ ቢባል አላምን እንዳለው እንደዚያ አረጋዊ ካህን፣ ገብርኤል አንደበትህን ዘጋው እንዴ?» አልኩት። ነጠላውን አንስቶ ወጣ።

እንቁጣጣሽ መጣ፣ ሄደ። መስቀል መጣ፣ ሄደ። ሳህኑን ሳቀርብ ለሮሪሳም አስቀምጥና መልሼ አነሳዋለሁ። እናንተ፣ እኔ እናት ነኝ! አንድ ልጅ ነው ያለኝ። እውነት ነው አጥፍቷል፤ ግን ያደረገውን በገዛ አፉ ይናገር ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሮው ቢሰማ፣ ሕግ ቢሰማ፣ ወዴት እንደሚወስዱት አውቃለሁ። ድሮ ቂሊንጦ ሲባል የፋብሪካ ሰርቪስ ነበር ትዝ የሚለኝ፤ አሁን ግን ሌላኛው ግቢ፣ የእስረኛ ስንቅ ይዘው የሚሰለፉ እናቶች ናቸው የሚታዩኝ። ገብርኤልን ራሱን ተቆጣሁት። ሥዕሉ ፊት ቆሜ «አንተ ሥራህ ብሥራት ነው፤ ለኔ ይኼን ነው የምታመጣው? ልጁን ሰጥተህ ልትወስደው ነው?» አልኩት። መቼም መልአክን እንዲህ አይናገሩትም። እሱም ምን ያድርግ፤ የታዘዘውን ነው የሚያደርሰው፣ እንደ ጃለታው።

አልሆን ሲለኝ አንድ ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ በሰቃ ላጢፋ ዘንድ ሄድኩ። ለከባድ መኪና ሸራና ገመድ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ታባርረኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ እቴ! በርጩማ አቀረበችልኝ።

«የልጁ እናት ነኝ» አልኳት።

«አውቄያለሁ እትዬ። እልል ያሉት እርስዎ ነበሩ» አለችኝ። ፊቴን የት ላድርገው!

«ልጄ፣ ለምን በሕዝብ ፊት?» አልኳት፣ ጨክኜ።

«ወላሂ ሰው ላዋርድ ብዬ አይደለም። ደስ ብሎኝ ነው። ስለት ሲነገር እንዳለ ነው የሚነገረው፣ እየመረጥኩ ብናገር ምኑን ስለት ሆነ?» ከዚያ እንዴት እንደሆነ አጫወተችኝ። ሮሪሳ ግቢዋን ሊለካ መጣ። ሙክቱ ታስሮ አየው። ላቱን መታ መታ አደረገና «ይኼማ ለፋሲካ ነው የሚሆነው» አለ። ሌላ ምንም አላለም። በነጋታው እሷው ራሷ አስጎትታ ወሰደችለት። ልጆቿ ስም አውጥተውለት ነበር፤ «ሻንበል» ነበር የሚሉት። ሲወሰድ መንገድ ድረስ እያለቀሱ ተከተሉት። አረፋ ሲደርስ እሷ ቤት ቢላ አልወጣም፤ ጎረቤት የላከላትን ሥጋ ነው ለልጆቿ ያቀመሰችው።

ስነሳ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ ምንም ክፋት ሳይኖርባት፣ «እትዬ፣ ሥጋው ግን ጥሩ ነበር?» አለችኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? እኔ እዚያው ሱቁ በር ላይ፣ የመኪና ረዳቶች እያዩኝ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሷው መልሳ «አብሽሩ እትዬ፣ አብሽሩ» እያለች አባበለችኝ።

ከዚያ በቀጥታ ቱሉ ዲምቱ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ሮሪሳና ማርቲ ራት ሊበሉ ተቀምጠው ነበር። ልመክር አልሄድኩም፤ ምክር ቢበቃው ኖሮ አባቱ ብቻውን ይበቃው ነበር። የሰማሁትን እንዳለ ነገርኩት። ሻንበልን ነገርኩት፣ የልጆቹን ለቅሶ ነገርኩት። «አሁን ደግሞ ሥጋው ጥሩ ነበር ወይ ብላ ጠይቃኛለች፤ እኔ መልስ የለኝም፣ አንተ ሄደህ መልስላት» አልኩትና ወጣሁ። ማርቲ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ነበር። ሮሪሳ እጁ ላይ ያለውን ጉርሻ አልጎረሰውም።

ከዚያ በኋላ እነሱ ቤት ያለውን ማርቲ ናት በስልክ የምታቀብለኝ። አንድ ቀን ደውላ «እማማ፣ ሮሪሳ በግ ገዛ» አለችኝ። «ለማን?» ብላት «እያደለበው ነው፣ ራሱ ነው የሚያበላው» አለች። ኮንዶሚኒየም ውስጥ! የጋራ ማረጃ ቤቱ ኋላ አስሮት፣ ከሥራ ሲወጣ ከነክራቫቱ ፉርሽካ ተሸክሞ እየገባ። ጎረቤቶቹ ሽታው አስቸገረን ብለው ኮሚቴ ዘንድ ከሰሱት። ኮሚቴው ሊቆጣው ሄዶ ነገሩን ሲሰማ ውሃ የሚቀዳለት ሰው መደበለት አሉ። ለጃለታ ብነግረው «ያ ልጅሽ በግ ማርባት ጀመረ?» አለና ዞር አለ። ግን ያን ዕለት ራት ሲበላ ወጥ አስጨመረ፤ ከሐምሌ ወዲህ አስጨምሮ አያውቅም ነበር።

ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ፣ የክረምቱ ጭቃ ደርቆ ግቢው በሰው ጢም ብሏል። ጃለታ እንደ ተራ ምእመን አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ማይኩን ቃልቤሳ ይዟል፤ ገና ሁለተኛው ሰው ላይ ድምፁ ሰልሏል። እኔ ዓይኔ ሰልፉ ላይ ነው። ድንገት ሮሪሳ! ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ከሳ ብሎ፣ ተራውን ይጠብቃል። ማርቲ ከኋላው አለች። ከእነሱ ትንሽ ራቅ ብላ ደግሞ ላጢፋ፣ በገመድ የያዘችው ሙክት አጠገቧ ቆሟል። ላቱ እንደዚያኛው አልሆነም፤ የኮንዶሚኒየም በግ ነው። በወንጌል ያ ዛፍ ላይ የወጣው ቀራጭ አራት እጥፍ ነበር የመለሰው፤ በእሱ ዘመን የበግ ዋጋ እንደዛሬው አልነበረም መሰለኝ።

ተራው ደረሰ። ቃልቤሳ ጆሮውን ሰጠው። ሮሪሳ ራሱን ነቀነቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለው፣ «እኔ የምናገረው ለጋሽ ወልደገብርኤል ነው።»

ሰዉ ተንጫጫ። አስተዳዳሪው ወደ አጥሩ ዞረው ጃለታን በእጃቸው ጠሩት። የማይነሳ መስሎኝ ነበር። ተነሳ። ያ ጉልበቱ እያነከሰበት፣ ሰዉ መንገድ እየለቀቀለት ሄደ፤ ማይኩን ተቀበለ፤ ልጁን ሳያየው ጆሮውን አዘነበለለት። ከሐምሌ ወዲህ እንደዚያ ተቀራርበው አያውቁም።

«ሮሪሳ ጃለታ እባላለሁ!»

ያ ድምፅ! አቤት፣ ናፍቆኝ ኖሯል!

«መሬት ቢሮ ነው የምሠራው! የላጢፋን ፋይል መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌ ጠፍቷል ያልኳት እኔ ነኝ!»

ይህን ጃለታም አያውቅም ነበር። ሙክቱን እንጂ መሳቢያውን አልሰማንም። ድምፁ መሀል ላይ ተሰነጠቀ። ግን አልዘለለም።

«ሙክቷን ተቀበልኩ! ቦነስ ነው ብዬ ለአባቴና ለእናቴ አበላሁ! ለአለቆቼም በጽሑፍ ተናግሬያለሁ፤ የሚፈርዱብኝን እጠብቃለሁ! ሙክቷን መልሻለሁ፤ አረፋዋን ግን መመለስ አልችልም! ላጢፋ፣ ይቅር በዪኝ!»

እልል የሚል ጠፋ። እንዲህ ያለ ስለት እዚያ ግቢ ተነግሮ አያውቅም፤ እልል ይባልለት፣ ይለቀስለት፣ ማንም አላወቀም። እኔም አንዴ ተቀጥቻለሁና አፌን በነጠላዬ ይዤ ቆምኩ። ቂሊንጦም ዓይኔ ላይ ድቅን ብሏል።

ሮሪሳ ተናግሮ ጨረሰና አፉን ከአባቱ ጆሮ ላይ አነሳ። አንገቱን ደፍቶ ሊሄድ ዞረ። ጃለታ ግን ማይኩን አላወረደም። በግራ እጁ የልጁን ትከሻ ያዘው፤ መታ መታ አደረገው፣ እንደ ድሮው።

«ልጄ ነው!» አለ።

ይህቺን በጆሮው የነገረው የለም። ያን ሁሉ ዘመን ማይክ ይዞ ከራሱ አንድ ቃል ሲጨምር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እልልታውን የጀመረችው ላጢፋ ናት።